የብርጭቆ ቤቱ ራስ ምታት

ሽማግሌው ብርጭቆ ነፊ ከእቶኑ መድረክ በታች ካለው ጠረጴዛ ፊት ተቀምጦ፣ ክርኖቹን ተክሎ፣ ራሱን በሁለት መዳፎቹ መሃል እንዳስገባ ሞቶ ተገኘ። ለሚያየው ሰው በሐሳብ የሄደ እንጂ የሞተ አይመስልም ነበር። እቶኑ ከበላዩ እንደ ወትሮው ያጉረመርማል። መድረኩ ላይ ደግሞ ጀምሮ የተወው ትልቅ ገንቦ ከብረት ቱቦው ጫፍ ላይ እንዳለ በርዶ ተሰነጣጥቋል።

ፖሊስ የተጠራው ሰው ስለሞተ አልነበረም። በዚያ ዕድሜ፣ በዚያ ሙቀት ውስጥ ሰው ቢሞት ማንም አይገረምም። ፖሊስ የተጠራው ሚስትየው እስከ አውራ መንገዱ በሚሰማ ድምፅ «በእጄ ገደልኩት!» እያለች ስለጮኸች ነው።

የተላከችው መርማሪ ወፈር ያለች፣ እርምጃዋ ዝግ ያለ ሴት ናት። ጥያቄዋን ሁሉ «እስቲ» ብላ ስለምትጀምር ባልደረቦቿ ስሟን ትተው «ወይዘሮ እስቲ» ይሏታል። ሲያዩዋት የዋህ ትመስላለች፤ በዚህ የተሸወደው ሰው ብዛቱ ለጉድ ነው።

ገና ከደጃፉ ሳታልፍ አለቃዋ ደወለላት።

«ሴትየዋ ራሷ አምናለች አይደል? ከሰዓት በኋላ ይዘሻት ነይ። ቃሏን ትፈርምና ነገሩ ያልቃል።»

«እስቲ መጀመሪያ ሟቹን ልየው» አለችና ዘጋችው።

ሚስትየው ወለሉ ላይ ተዘርግታ ታለቅሳለች። ከጎኗ አንድ ቀጭን፣ ጠጉሩ የሸበተ ሰው ተንበርክኮ ትከሻዋን ይዟታል። የሟቹ ታናሽ ወንድም ነው፤ በቤቱ ውስጥ ሁሉም «አጎት» ይለዋል። ቀኝ እጁ እስከ ጣቶቹ ድረስ በፋሻ ተጠቅልሏል።

«ክኒኔን በእጄ ሰጠሁት!» ትላለች። «ራሴን አለኝ፣ የራሴን ክኒን ሰጠሁት! ውጦት ነው የሞተው!»

«ተይ እትዬ» ይላታል አጎትየው። «አውቀሽ አላደረግሽውም። የሴት መድኃኒት ለወንድ ይከብድ እንደሆነ በምን ታውቂያለሽ? ስህተት ነው፤ ማንም አይፈርድብሽም።»

ወይዘሮ እስቲ በሩ ላይ ቆማ ጥቂት አዳመጠች። ሴትየዋ ዝም ባለች ቁጥር ያጽናናታል፤ በተጽናናች ቁጥር እንደ አዲስ ትጮኻለች። መርማሪዋ ይህን ልብ አለችና ወደ ሬሳው ሄደች።

የሟቹ ከንፈር ሰማያዊ ሆኗል። በአንገቱ ላይ በቀጭን ገመድ የታሰረች፣ አውራ ጣት የምታህል ብልቃጥ ተንጠልጥላለች። እንደ ውሃ የጠራች፣ የምታምር ሥራ ናት። ክዳኗ ተከፍቶ ከውስጧ አንዲት ነጭ ክኒን ብቻ ቀርታለች። መርማሪዋ ጓንቷን አድርጋ የሟቹን መንጋጋ ዝቅ አደረገች፤ ምላሱ ሥር ያልሟሙ የክኒን ርዝራዦች ነበሩ። አንድ ሳይሆን ሦስትና አራት ክኒን፣ በላይ በላዩ የተደረገ። አንድ ሰው ራሱን ሲያመው ክኒን ይውጣል እንጂ ምላሱ ሥር አይቀብርም።

ከዚያ የሽርጡን ኪስ ፈተሸች። እዚያ ያገኘችውን ትንሽ ነገር አየችው፣ በመሃረቧ ጠቀለለችው፣ ለማንም ሳታሳይ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው።

ሚስትየዋን ያነጋገረቻት ማድ ቤት ውስጥ ነው። ጨው፣ ስኳር፣ ዘይት፣ ሳሙና ሳይቀር እዚያው ቤት በተነፋ ብርጭቆ ተደርድሯል።

«እስቲ እትዬ፣ ከሱቅ የመጣ ጠርሙስ አላይም።»

«እዚህ ቤት አይገባም» አለች ሴትየዋ ዓይኗን እየጠረገች። «የአማቴ ሕግ ነው። የገዛነውን ሁሉ በራችን ላይ ገልብጠን፣ በእጃችን ሥራ ውስጥ ነው የምናስገባው። የሰው ጠርሙስ ማድ ቤቱ ውስጥ ካየ ባለቤቴ እራቱን አይበላም ነበር።»

«መድኃኒትም?»

«መድኃኒትም። የኔ ይኸውና።» ከጓዳው ያወጣችው ብልቃጥ ቡናማ ነበር። «ልጄ ናት የሠራችልኝ። ማይግሬን አለብኝ። ሲነሳብኝ መጋረጃ ዘግቼ፣ ጨለማ ውስጥ ተኝቼ ነው የምውለው። የሻማ ብርሃን እንኳ ዓይኔን ይወጋኛል።»

«የርሳቸውስ? እንደዚሁ ነው?»

ሴትየዋ አሰበች። «የሱ ሌላ ነው። እቶን ሲያይ ምንም አይለውም። ደረጃውን ሲወጣና ትልቅ ነገር ሲነፋ ነው ግንባሩ ላይ ቀስፎ የሚይዘው። ቁጭ ካለ ይተወዋል። የእሳቱ ሙቀት ነው ይላሉ፤ በኛ ሙያ ነፊ ሁሉ ራሱን ያመዋል። አባቱም እንደዚያው ነበር፤ ሲነፋ ራሴን ብሎ ተቀመጠ፣ በዚያው ቀረ። ያኔ ባለቤቴ ገና ጎረምሳ ነበር።»

መርማሪዋ ማስታወሻ ደብተሯን አውጥታ «ደረጃ ሲወጣ፣ ሲነፋ» ብላ ጻፈች። አንድ ቤተሰብ የሞቱን ምልክት እንደ ሙያ በሽታ ቆጥሮ ሁለት ትውልድ አብሮት ኖሯል።

አጎትየው ጥያቄዋን የመለሰላት ቱቦዎቹን እየወለወለ ነው፤ በግራ እጁ ብቻ።

«እስቲ ጋሼ፣ ይቺን ብልቃጥ ማን ሠራት?»

«እኔ ነኝ። ወንድም ጋሼ ክኒኑን የሚይዝበት ጠይቆኝ።»

«የምን ክኒን?»

«የራስ ምታት ነዋ! ሌላ ምን ሊሆን ይችላል?»

«የቤቱ የመድኃኒት ብልቃጥ ቡናማ መስሎኝ።»

«ያን ሰሞን የቡናማው ብርጭቆ ማሰሮ አልቀለጠም ነበር። ባለው ሠራሁለት።»

«እጅዎስ?»

«ትናንት እሳት ላሰኝ። ለዚህ ነው ዛሬ እሱ ራሱ ገንቦውን ለመንፋት የወጣው። የወንድሜ ልጅ ዕቃ ልታደርስ ሄዳለች፤ እኔ ቱቦ መጨበጥ አልችልም፤ ደንበኛው ደግሞ ከሰዓት ይመጣል።» ቱቦውን አስቀመጠ። «ብወጣለት ኖሮ አሁን በሕይወት ነበር። እግዜር ይይልኝ።»

«ልባቸውን ያማቸው ነበር?»

«ልቡን? ኧረ በጭራሽ! ወንድም ጋሼ ደረቱ እንደ ግንብ ነው።»

ልጅቷን ዕቃ አድርሳ ከተመለሰች በኋላ መድረኩ ላይ አገኘቻት። ሠላሳዎቹን የጀመረች፣ ክንዷ የጠነከረ፣ በከተማው ካሉት ነፊዎች ሁሉ ትበልጣለች የሚባልላት ሴት ናት። ማልቀስ ስላቃታት እቶኑን ስትቆሰቁስ ነበር።

«አባዬን ሳላናግረው ሞተ» አለች ሳትጠየቅ። «ተኳርፈን ነበር። እሳቱን ላጠፋው ነው አለን። የአያቴን እሳት! ለምን ስለው «ከዚህ ቤት ማንም ቱቦ አይነፋም» አለ፣ በቃ። ይህን ሲል የሚያየው እኔን ነው።»

«አጎትሽስ ምን አሉ?»

«አጎቴማ አበደ። ልጅ የለውም፤ ቱቦ ያስያዘኝ እሱ ነው። «ሕይወቷን ልታጠፋባት ነው» ብሎ አባዬ ላይ ጮኸበት። በኋላ ግን ተረጋግቶ ነበር።»

«እስቲ አንድ የሞኝ ጥያቄ ልጠይቅሽ። ብልቃጧ በተሠራችበት ሰሞን ምን ትሠሪ ነበር?»

«የመድኃኒት ቤት ጠርሙስ። ቡናማ። ሌላ ነገር አልነካሁም፤ አጎቴ ያቺን ሲሠራ እኔ አጠገቡ ከቡናማው ማሰሮ እየቀዳሁ ነበር።»

 ልጅቷ ማገዶ ልታመጣ ወርዳ መልሳ ሁለት ደረጃ ወጣች፣ ቆመች፣ መዳፏን ግንባሯ ላይ ጫነች፣ ከዚያ ደረጃው ላይ ቁጭ አለች።

«ምነው?»

«ራሴን ነው። ያልፋል። ነፊ ሁሉ ያመዋል።»

መርማሪዋ ቦርሳዋን አንግታ ወጣች፤ እንደዚያ ቀን ፈጥና ሄዳ አታውቅም።

ብልቃጧ ውስጥ የቀረችውን ክኒን ያየ የመድኃኒት ቤት ሠራተኛ የልብ መድኃኒት መሆኗን ነገራት፤ የሚታዘዝበትንም ክሊኒክ ጠቆማት። የልብ ሐኪሙ የሟቹን ነገር ሲሰማ መነጽሩን አውልቆ ጠረጴዛው ላይ አኖረ።

«ደረታቸውን አሟቸው ያውቃል?» አለችው።

«አንድም ቀን። ለዚህ ነው በየሐኪሙ ሲንከራተቱ የኖሩት፤ መነጽር ያዘዘላቸው ሁሉ አለ። እኔ መቼ እንደሚያማቸው ጠየቅኩ። ደረጃ ስወጣ፣ ስነፋ አሉ። መቼ ይተውዎታል? ስቀመጥ። መራመጃ ማሽን ላይ አወጣኋቸው። ራሳቸውን ሲይዛቸው የልባቸው ምርመራ አብሮ ተዛባ፤ ሲያርፉ ሁለቱም እኩል ተስተካከሉ። በጣም ጥቂት ሰው ላይ የልብ ደም ሥር ሲጠብ ሕመሙ ደረት ላይ ሳይሆን ራስ ላይ ነው የሚሰማው። ክኒኑን ምላስ ሥር ሲያደርጉት ወዲያው ይለቃቸው ነበር።»

«ዛሬ አልለቀቃቸውም።»

ሐኪሙ ክኒኗን ተቀብሎ ትንሽ ቆርሶ ምላሱ ላይ አደረገ። ፊቱ ተለወጠ። «ትኩሱ ምላስ ይቆነጥጣል። ይሄ ጠመኔ ነው። ላቦራቶሪ ይመርምረው፣ እኔ ግን ኃይሉን ጨርሷል እላለሁ። ምን ውስጥ ነበር?»

ብልቃጧን አሳየችው።

«በዚህ? አንገት ላይ? እቶን ፊት?» ሐኪሙ ራሱን ያዘ። «ብርሃንና ሙቀት ያጠፋዋል። ከራሱ ጥቁር ጠርሙስ መውጣት የለበትም። ማስጠንቀቂያው የተነገረው ግን ለርሳቸው አልነበረም፤ መድኃኒቱን የቤት ሰው ልከው ነው ያስወሰዱት። መድኃኒት አዳይዋ አጥብቃ እንደነገረች ታስታውሳለች፤ ለማን እንደነገረች ግን አታውቅም። በዚያች ጠባብ መስኮት ስንት ሰው ያልፋል!»

ስለዚህ ከሦስቱ አንዱ ያውቃል። ወይዘሮ እስቲ በሩ ድረስ ሄዳ ተመለሰችና ሐኪሙን አንድ ጥያቄ ጨመረችለት። መልሱን እስከ መጨረሻው አዳመጠች። ከዚያ ትኩስ መድኃኒት ይዞ አብሯት እንዲመጣ ለመነችው።

ከሰዓት በኋላ ሁሉም እቶኑ ሥር ተሰበሰቡ። ሬሳው ተነስቷል፤ ወንበሩ ላይ ግን ማንም ሊቀመጥ አልደፈረም። በሩ ላይ የቆመው ፖሊስ ሚስትየዋን ይዞ ለመሄድ ተዘጋጅቷል፤ እሷም ነጠላዋን አጣፍታ፣ አልቅሳ ጨርሳ፣ የሚሏትን ለመሆን ቆርጣ ተቀምጣለች። ልጅቷ መጨረሻ ላይ ማገዶ ተሸክማ ገባች።

«እስቲ ከእትዬ እንጀምር» አለች መርማሪዋ። መሃረቧን ፈታ አንዲት ክኒን ጠረጴዛው ላይ አኖረች። «የርስዎ ናት?»

«የኔ ናት» አለች ሴትየዋ በደከመ ድምፅ። «ጠዋት የሰጠሁት።»

«ከሽርጣቸው ኪስ ውስጥ ነው ያገኘኋት። ሙሉዋን። ላለማስከፋት ተቀበሉዎት እንጂ አልዋጧትም። እርስዎ ባልዎን አልገደሉም፣ እትዬ።»

ሴትየዋ ክኒኗን አነሳች፣ አገላበጠች፣ መልሳ አኖረቻት። ከዚያ ጠዋት ሙሉ ከጮኸችው ሁሉ የሚበልጥ ለቅሶ ያለ ድምፅ አለቀሰች። አጎትየው ግን ሊያጽናናት አልተነሳም።

«ሲሰቃዩበት የኖሩት ራስ ምታት የልብ ነበር» ቀጠለች መርማሪዋ። «ሐኪሙ ያውቃሉ። ሟቹም ያውቁ ነበር፤ ለዚህ ነው ክኒናቸውን ምላሳቸው ሥር ያደረጉት። ስንት ጊዜ ያዳናቸው መድኃኒት ደግሞ ይኸው፣ እዚች ብልቃጥ ውስጥ ነው።»

በዚህ መሃል ከጀርባዋ ማገዶው ወለሉ ላይ ተበተነ። ልጅቷ ግድግዳውን ተደግፋ፣ ዓይኗን ጨፍና፣ ግንባሯን ይዛለች። ፊቷ አመድ መስሏል።

ወይዘሮ እስቲ ያሰበችው የሰዎቹን ፊት ለማየት ብቻ ነበር። ይህን አላሰበችውም። ግን ሐኪሙ ከልጅቷ አጠገብ ደርሶ እጁን ትኩሱ መድኃኒት ያለበት ኪሱ ውስጥ እንደከተተ አየችና ብልቃጧን ዘረጋች።

«ያባትሽ ሕመም ይመስላል፣ ልጄ። እንቺ፣ ያባትሽን መድኃኒት ምላስሽ ሥር አድርጊ።»

ልጅቷ እጇን ዘረጋች።

«አይሆንም!» አጎትየው ጠረጴዛውን ገፍትሮ ተወርውሮ ብልቃጧን ነጠቀ። «እሱን አትስጫት! ምንም አይሠራላትም፣ የሞተ መድኃኒት ነው! ሌላ ስጧት!»

 ሐኪሙ ልጅቷን አስቀምጦ ከራሱ ጥቁር ጠርሙስ አንዲት ክኒን አውጥቶ ምላሷ ሥር አደረገላት። «ዝም ብለሽ ቁጭ በይ» አላት። «ጥቂት እንጠብቅ።»

«እየጠበቅን እናውራ» አለች ወይዘሮ እስቲ። ድምፏ አልተለወጠም። «የሞተ መድኃኒት መሆኑን በምን አወቁ፣ ጋሼ? «ወንድሜን ልቡን አሞት አያውቅም» ነበር ያሉኝ። እኔና ሐኪሙ የቤቱን ሕግ ለማክበር ሳይታወቅ የተደረገ ስህተት ነው ልንል እንችል ነበር። ግን መድኃኒቱን ከክሊኒኩ ያመጡት እርስዎ ነዎት፤ ማስጠንቀቂያውን የሰሙት እርስዎ ብቻ ነዎት። ከዚያ ብልቃጥ ሠሩ። የቡናማው ብርጭቆ ማሰሮ አልቀለጠም አሉኝ፤ የወንድምዎ ልጅ ግን አጠገብዎ ከዚያው ማሰሮ ትቀዳ ነበር። ብርሃን እንዲገባ በጠራ ብርጭቆ ሠርተው፣ ሙቀት እንዲያገኘው የአንገት ገመድ አደረጉላት። መድኃኒቱ እስኪሞት ጠበቁ። ዛሬ ልጅቷን ዕቃ እንድታደርስ ልከው፣ እጄን እሳት ላሰኝ ብለው ሽማግሌውን ደረጃ አስወጡ። እጅዎን ይዩት።»

አጎትየው ወደ እጁ አየ። ብልቃጧን አጥብቆ የጨበጠው በፋሻ በተጠቀለለው ቀኝ እጁ ነበር። ቀስ ብሎ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጣትና፣ ማንም ሳያዘው ፋሻውን ፈታው። ቆዳው ጤነኛ ነበር።

«አልመታሁትም» አለ። «መርዝ አልሰጠሁትም። ሥራውን ሠራ፣ ሞተ።»

«ከታች ቆመው ያዩት ነበር?»

«... አየሁት። አንዱን አደረገ። ጠበቀ። ሌላ ጨመረ። ከዚያ ወደኔ አየ።» ወደ እቶኑ ጠቆመ። «እሳቱን ሊያጠፋ ነበር! እኔስ ግድ የለም፣ አርጅቻለሁ። እሷስ? እንዲህ ያለ እጅ በዚህ ቤት ተወልዶ አያውቅም። እሳቱን የሚያጠፋው በቅናት ነው፣ ስለበለጠችው ነው ብዬ ነበር። ለሷ ብዬ ነው! ለሷ!»

«ያንተ ያለህ» አለች ሚስትየው። «እኔን እስር ቤት ልትልከኝ ነበር፤ እያቀፍከኝ!»

እሱ ግን የሚያየው ልጅቷን ብቻ ነው።

«ሐኪም» አለች ወይዘሮ እስቲ፣ «እስቲ ሽማግሌው መጨረሻ ሲመጡ ምን እንዳሉ ይንገሯቸው።»

ሐኪሙ የልጅቷን የእጅ ምት እንደያዘ፣ ቀና ሳይል ተናገረ። «መጨረሻ የመጡት ስለራሳቸው አልነበረም። «ይሄ ነገር በዘር ይተላለፋል ወይ?» አሉኝ። አዎ፣ ሊተላለፍ ይችላል አልኳቸው። «ልጄ ቱቦ ስትነፋ ራሷን ትይዛለች፤ ደብቃ ነው የምትይዘው፣ እኔ ግን እንዴት እንደሚይዝ አውቀዋለሁ» አሉ። እንዳመጣት ነገርኳቸው። «ብነግራት ትደነግጣለች፤ መጀመሪያ እሳቱን ላጥፋው፣ ቱቦውን ካልጣለች ዛሬም ነገም ልትሞትብኝ ትችላለች» ብለው ሄዱ።»

 አጎትየው ወደ ሐኪሙ ዞረ። «ውሸት ነው» አለ። «ማይግሬን ነው። እንደ እናቷ ነው። የሷ ልብ ጤነኛ ነው። የልብ ክኒን ለሷ ምንም አያደርግላትም፣ ታያላችሁ።»

ሁሉም ወደ ልጅቷ ዞሩ። ዓይኗን እንደጨፈነች ነበር። ፊቷ ላይ ቀስ በቀስ ደም ተመለሰ፤ በግንባሯ ላይ የተጨመደደው ቆዳ ተፈታ። እጇን ከራሷ ላይ አወረደች።

«ለቀቀኝ» አለች።

አጎትየው የፈታውን ፋሻ አንስቶ መልሶ እጁ ላይ መጠቅለል ጀመረ። ፖሊሱ መጥቶ ክንዱን ያዘው።

ልጅቷ ዓይኗን ገልጣ አየችው፣ ረጅም ጊዜ አየችው። ቱቦ ካስያዛት ቀን ጀምሮ የምታውቀው ፊት ነው።  እናቷ ተነስታ፣ በክንዷ አቅፋ፣ ወደ ሐኪሙ መኪና ወሰደቻት፤ በየጥቂት እርምጃው ቆም እያሉ፣ እያረፉ። ሁለቱም ወደኋላ አልዞሩም።